ተሸናፊ ይነሳል

በሕይወቴ ብዙ አሸንፌያለሁ ብል ውሸት ነው። መሥሪያ ቤት እድገት ሲመጣ ከፊቴ የሚገባ ሰው አይጠፋም፤ የታክሲ ሰልፍ እንኳ ይዤ በሩ የሚዘጋው እኔ ጋ ሲደርስ ነው። እናቴን በጌም ኳስ አራት ለአንድ ያሸነፍኩበትን እሑድ ግን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ያውም ሰባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራትን፣ ዳሌዋ ተሰብሮ ወንበር ላይ የዋለችውን እናቴን። አላፍርም። ለምን እንደማላፍር ለማስረዳት ግድግዳችን ላይ ካለው ጽሑፍ መጀመር አለብኝ።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ አንደኛው ክፍል በቀጥታ መንገዱ ላይ ይከፈታል። አባቴ ሲሞት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ለጥቂት ወራት በርበሬ ልሽጥ፣ አልጋ ልብስ ልጥለፍ ስትል ከረመች። ከዚያ ዱባይ የምትኖረው አክስቴ ለእኔ ብላ የጌም ማጫወቻ ላከችልኝ። በሳምንቱ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ በራችን ላይ ተሰለፈ። እናቴ ሰልፉን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ቲቪውን ከጓዳ አንስታ መንገድ ላይ ወደሚከፈተው ክፍል አወጣችው። ስጦታዬ በዚያው መተዳደሪያችን ሆነ፤ ፈቃዴን የጠየቀኝም የለም።

ጌም ቤቱ የተከፈተ ዕለት ከቲቪው በላይ በቀይ ቀለም፣ በራሷ እጅ፣ «ተሸናፊ ይነሳል» ብላ ጻፈች። ደንቡን የፈጠረችው እሷ አይደለችም፤ ፒያሳ ውስጥ ያለ ጌም ቤት ሁሉ በዚሁ ይተዳደር ነበር። የተሸነፈ ከአግዳሚው ይነሳል። ጆይስቲኩን ለቀጣዩ ሰው በእጁ ያቀብላል፤ አይወረውርም፣ ጥሎትም አይሄድም። ከዚያ ተራው እስኪደርስ ከኋላ ቆሞ ያያል። ያሸነፈ አይነሳም። ሌላ ቤት ግን ደንቡ ለጉልበተኛ ይላላል፣ ለባለቤቱ ልጅ ይላላል። እኛ ቤት በሩ ላይ እናቴ ነበረች።

ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጆይስቲክ በእጇ ነክታ አታውቅም። ጨዋታው ሲያልቅ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሳ «ተነስ» ትላለች፤ ያ ነው። አንድ ቃል፣ ያውም ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከበሩ ሥር የሚመጣ። ጢም ያበቀለ ጎረምሳም ይሁን የሕግ ሰው ልጅ ይነሳል። ሰው ለማስነሳት እሷ ራሷ ከዱካዋ ተነስታ አታውቅም፤ አያስፈልጋትም ነበር።

ለእኔም ያው ነበር። አንድ ቀን ተሸንፌ «ጌሙ እኮ የራሴ ነው» ብዬ አኮረፍኩ። «ጌሙ ያንቺ ነው፤ አግዳሚው ግን የአሸናፊ ነው፤ ተነሺ» አለችኝ። ተነሳሁ። ከኋላ ቆሜ አለቀስኩ፣ ተራዬ ሲደርስ ግን ያሸነፈኝን ልጅ ደህና አድርጌ ገረፍኩት። ከዚያ ወዲህ ነው ተጫዋች የሆንኩት፤ በሰፈሩ እኔን የሚያስነሳኝ ወንድ በጣት የሚቆጠር ነበር።

ከደንበኞቹ ሁሉ የሚያስቸግራት የአንድ ድንች ነጋዴ ልጅ ነበር። አባቱ አትክልት ተራ ድንች በጅምላ ይሸጣል፤ ልጁም ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደኛ ይሮጣል። ሲያሸንፍ የሚያህለው የለም፤ ሲሸነፍ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ሰበቡም ሁሌ አንድ ነው፤ «ማዘር፣ ጆይስቲኩ አይሠራም። ይቺ ቁልፍ አትታዘዝም።» አንድ ቀን እናቴ ነገሩን ልትቋጨው ፈለገች። «ጆይስቲክ ተለዋወጡ» አለችን። አይሠራም ባለው ጆይስቲክ ገጠምኩት፣ አሸነፍኩትም። «ይሠራል። ተነስ» አለችው። አልተነሳም። እሷ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም፤ እጇን ዘርግታ ሶኬቱን ነቀለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ሰልፍ ላይ የነበረው ልጅ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሲነሳ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። ለሳምንት እንዳይገባ ተቀጣ፤ ሳምንቱን ሙሉ በመስኮቱ ሲያይ ከረመ። ሲመለስ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸነፈ፣ እናቴ አፏን ሳትከፍትም ተነሳ።

ልጆቹ አደጉ፣ ስልክ መጣ፣ ጌሙም ኪስ ውስጥ ገባ። ማጫወቻውን በፌስታል ጠቅልለን ቁምሳጥን ላይ ሰቀልነው። አግዳሚው ለእድር ተሰጠ። ክፍሉን ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባነው፣ ቀዩ ጽሑፍ ግን ከነጩ ሥር እየደበዘዘ ይወጣል እንጂ አልጠፋም። እናቴ አልጋዋን እዚያ ክፍል አስገባች፤ መንገዱ ይታየኛል ብላ።

በክረምት ነው የወደቀችው፤ ከጊዮርጊስ አስቀድሳ ስትመለስ የግቢያችን እርጥብ ድንጋይ አዳለጣት። ዳሌዋ ተሰበረ፣ ኦፕራሲዮን ሆነች፣ ቤት ገባች። እስከዚህ ድረስ ያለውን እንደ ጀግና ነው የተወጣችው። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ያቃታት። ሐኪሞቹ ትቁም፣ ትራመድ አሉ። የምትይዘው ባለ አራት እግር ብረት ተገዛላት። እሷ ግን ብረቱን ነጠላ መስቀያ አደረገችው። ጠዋት ከጎረቤት ጋር ሁለት ሆነን ከአልጋ ወደ ወንበር እናዛውራታለን፣ ማታ ከወንበር ወደ አልጋ። ቁሚ ስትባል «ነገ» ትላለች።

ፊዚዮቴራፒ የምታሠራት ልጅ አንድ ቀን በሩ ድረስ ወሰደችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አጥንቱ ይዟል፤ አጥንቱን አልፈራሁም» አለችኝ። «አሁን ካልቆሙ ጡንቻው ይከዳቸዋል። አንድ ወር እንደዚህ ከቆዩ እኔም ላስቆማቸው አልችልም።»

ያን ዕለት ለመንኳት፣ ከዚያ ተቆጣኋት፣ ከዚያ ጮህኩባት። እናቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያሸማቅቀኛል። እሷ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። «እግሬን አላምነውም። ልጄ፣ እፈራለሁ» አለችኝ። ይቺ ሴት ስትፈራ አይቻት አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ምሳ ስታጎርሰኝ፣ አዎ ወንበር ላይ ሆናም እኔን ታጎርሰኛለች፣ «ያኔ ይሄ ክፍል ድምፅ ነበረው» አለች። ያቺን ቃል ይዤ በማግስቱ ፒያሳ ወጣሁ። ሌላ ዕቅድ አልነበረኝም፤ ድምፅ ላመጣላት ብቻ ነበር። ቁምሳጥኑ ላይ ያለውን አሮጌ ማጫወቻ ግን አላሰብኩትም። አራዳ ተወልጄ ፋራ ልባል ነው? አዲስ አማረኝ።

«ብዙ ሰው የሚያጫውት ስጠኝ» አልኩት ባለ ኤሌክትሮኒክስ ቤቱን ወጣት።

«እህቴ፣ ይሄ ሃያ ሰው ያጫውታል» አለና መኪኖች የተሳሉበትን ካርቶን አነሳልኝ።

ሃያ! የኛ አግዳሚ እኮ ከአራት በላይ ይዞ አያውቅም። ማጫወቻውንም ጌሙንም ገዛሁ፤ ዋጋውን አልናገርም። ሃያዎቹ የት እንደሚቀመጡ ግን አልጠየቅኩም። ጌም ቤት ያደገ ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስህተት ነው፤ ለእኛ ሰው ማለት ጎንህ ተቀምጦ በክርኑ የሚጎሽምህ ነው።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። ሁለተኛውን ጆይስቲክ አልቀበልም አለኝ። ኢንተርኔት አምጪ አለኝ፤ ከስልኬ ሰጠሁት። አንዲት ክብ ነገር ስትሽከረከር፣ እናቴ ስትጠብቅ፣ እኔ ሳፍር ቆየንና በመጨረሻ ስሙ ቁጥርና ፊደል ከተቀላቀለበት አንድ ሰው ጋር አገናኘኝ። ነዳሁ። አሸነፍኩ።

«አሸነፍሽው?» አለች እናቴ።

«አሸነፍኩት።»

«የታለ?»

«የት አውቄ እማዬ፣ ሌላ አገር ይሆናል።»

ጥቂት አሰበች። «ታዲያ ማን ያስነሳዋል?»

ሳቅኩ። ነገሩ ግን እውነት ነበር። ያ ሰውዬ ተሸንፎ እዚያው ተቀምጧል፤ ምናልባት ሻይ እየጠጣ፣ ምናልባት ጆይስቲኩ አይሠራም እያለ። ማንም ዓይኑን አያየውም። እናቴ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች፣ ክፍሉም እንደ ቀድሞው ጭር አለ።

በማግስቱ ካርቶኑን ይዤ ተመለስኩ። «እናቴና እኔ አንድ ክፍል ውስጥ ነን። በኢንተርኔት ዞሬ ላግኛት?» አልኩት ወጣቱን።

«ሁለት ማጫወቻና ሁለት ቲቪ ካላችሁ ይቻላል» አለኝ ከልቡ።

«ሁለተኛ እናትም ጨምርልኛ!»

ሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ዕቃውን ተቀበለኝ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያጫውት እንዳለቀበት፣ የሚጠይቅም ብዙ እንደሌለ ነገረኝ። «አሁን ሰው እንደዚያ አይጫወትም፤ ሁሉም በየቤቱ ነው» አለኝ። ቆሽቴ እያረረ ወጣሁ። እኔ ከሩቅ ሰው ጋር መጫወትን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ሩቅ ያለ ዘመድ ያለው ሁሉ ጥቅሙን ያውቀዋል። ጌም የሚሠሩት ሰዎች አንድ ቀን ቢጠይቁኝ ግን የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አትንኩብን። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈል፣ ምስሉ ይነስ፣ ግድ የለንም። የተሸነፈው ሰው እዚሁ ፊታችን ይሁን።

ያን ማታ አሮጌውን ማጫወቻ ከቁምሳጥን አወረድኩት። አይበራም። በማግስቱ መልሼ በፌስታሉ ይዤው ወደ ምኒልክ አደባባይ ወጣሁና አንዲት ጠባብ የጥገና ቤት ገባሁ። መነጽር ያደረገው ጠጋኝ ፌስታሉን ሲከፍት እጁ ቆመ። ማጫወቻው ጠርዝ ላይ የእናቴ የጥፍር ቀለም ነጠብጣብ አለ፤ እንዳይሰረቅ ምልክት ያደረገችበት።

«ይሄ እኮ የማዘር ነው» አለ።

ቀና ብዬ አየሁት። ጢሙ ነው ያሳተኝ እንጂ ዓይኑ ያው ነው። የድንች ነጋዴው ልጅ። «ማዘር ደህና ናቸው?» ሲለኝ እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ሁሉንም ነገርኩት፤ መውደቋን፣ ነገ ማለቷን፣ የአንድ ወሩን ነገር። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ትንሽ ብሎን መፍቻ አንስቶ ማጫወቻውን ገለበጠው። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራሴ አመጣዋለሁ» አለኝ።

እሑድ መጣ። ማጫወቻው በአንድ ክንዱ፣ ሙዝ በሌላው። ጎንበስ ብሎ እናቴን ጉልበቷን ሊስም ሲል «ተው፣ ያ እኮ የታመመው እግሬ ነው» አለችው፤ እሱ ሳቀ። ሰካው፣ በራ። ያ የድሮው የመክፈቻ ዜማ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። ከእናቴ ወንበር ጎን አንድ የወጥ ቤት ወንበር አስጠጋና ጆይስቲክ ዘረጋላት።

«እኔ? ነክቼው አላውቅም።»

«ማዘር፣ ስንት ሺህ ጨዋታ አይተዋል። ይቺ ታቀብላለች፣ ይቺ ትመታለች። ሌላውን እርሱት።»

እናቴ ጣቶቿን እንደ ምስር ለቀማ አሾለች። መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾቿ ሁሉ አንድ ቦታ ተተራመሱ። ትንሽ ቆይታ ግን ሦስቱን ተከላካዮቿን በአንድ ጥግ ሰብስባ አቆመቻቸው። «አንተ ሁልጊዜ በቀኝ ነው የምትሮጠው» አለችው። «በልጅነትህም እንዲሁ ነበርክ።» እውነቷን ነበር፤ ሮጠ፣ ተቀማ፣ ሮጠ፣ ተቀማ። ሁለት ለአንድ አሸነፈችው። ለቆላት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ እሱ አልለቀቅኩም ብሎ ይምላል። ጨዋታው እንዳለቀ ብድግ አለ፣ ጆይስቲኩን በእጄ አቀበለኝና ከኋላችን ቆመ። እናቴ ፈገግ አለች። ከወደቀች ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው።

ከጎኗ ተቀመጥኩ። «እንዳትለቂልኝ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

አልለቀቅኩላትም። ብለቅላት ታውቃለች፤ ባወቀች ጊዜ ደግሞ በራሷ ቤት የታመመች አሮጊት ትሆናለች። አራት አገባሁባት። አንድ አገባችብኝ፣ ጎሏም ቆንጆ ነበረች። ፊሽካው ተነፋ።

ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ ሰው ቆሟል፣ እኔ አሸናፊ ነኝ፣ እናቴ ጆይስቲኩን እንደያዘች ወንበሯ ላይ ናት። ቃሌን እሰጣለሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይሄ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ።

ከኋላ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት። «ማዘር» አለ ቀስ ብሎ።

«እ።»

«ተሸናፊ ይነሳል።»

ዞሬ ልጮህበት ነበር። እናቴ ቀደመችኝ። ጆይስቲኩን ከፍ አድርጋ አገላበጠችው። «ይሄ ነገር አይሠራም» አለች። «ይቺ ቁልፍ አትታዘዝም።»

«ይሠራል» አለ እሱ። «እኔ ነኝ የጠገንኩት።»

እናቴ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እስክትጠርግ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ አለቀና ከቲቪው በላይ ያለውን ግድግዳ አየች። የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል።

«ያንን ብረት አምጪልኝ» አለችኝ።

ነጠላዎቹን አወረድኩና ፊቷ አቆምኩት። የጆይስቲኩን ገመድ እጇ ባዶ እንዲሆን አንገቷ ላይ አጠለቀችው። የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ እንዳስተማረቻት የወንበሩን ክንዶች ያዘች፣ ወደ ፊት አጎነበሰች፣ ተነፈሰች። ብብቷን ልይዛት ስል «ዞር በይ» አለችኝ። ዞር አልኩ። ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሯ ነጣ፣ አንድ እጇ ብረቱን ጨበጠ፣ ሁለተኛውም ጨበጠ። ከዚያ እናቴ ቆመች። ሙሉ ቁመቷን ረስቼው ነበር፤ ከእኔ ትረዝማለች።

ቆማ አልቀረችም። ደንቡ ገና አላለቀም። አንድ እጇን ከብረቱ አንስታ ገመዱን ከአንገቷ አወጣችና ጆይስቲኩን ለቀጣዩ በእጇ አቀበለች። የድንች ነጋዴው ልጅ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት። እሷ ብረቷን እየገፋች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄዳ ከወንበሮቹ ኋላ ገባች። እሱ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ ይበቃል፣ ተቀመጪ» አልኳት።

«ተራዬ አልደረሰም» አለችኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። ቶሎ ላሸንፈው፣ ወንበሩን ቶሎ ላስለቅቅላት ነበር የምሮጠው። እንባዬ ስክሪኑን ያደበዝዝብኛል፣ በእጄ ልጠርግ ብል ጎል ይገባብኛል፤ በትከሻዬ እየጠረግኩ ተጫወትኩ። ከኋላዬ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ የብረቱ እግር ሲሚንቶው ላይ ሲንቋቋ ይሰማኛል፣ አልቆመም። እሱም አልለቀቀልኝም። በቀኝ ሮጠ። ተቀማ። በመጨረሻዋ ደቂቃ ሦስተኛውን አገባሁና ፊሽካው ተነፋ።

«ተነስ» አለች እናቴ።

ያን ቃል ልጅነቴን ሙሉ ከበሩ ሥር፣ ከዱካው ከፍታ ስሰማው አድጌያለሁ። ከራሴ በላይ ሲመጣ የሰማሁት ያን ቀን ነው።